መደርደሪያ የሌለው

ከዓፉላ ዳርቻ፣ ከጥጥ ማሳው ማዶ፣
ቫልቭ ይወጣል እዚህ፣ ብረቱ ተሞርዶ፤
ለሙዝ፣ ለብርቱካን ውሃን የሚለካ፣
አንዱን ቦይ ሲዘጋ ሌላውን ሊያረካ።
እኔ መጋዘን ነኝ። ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፤
አንድ ብሎን ስትጎድል እኔን ነው የሚያመው።

በገባሁ በሳምንቱ ነው።
«ዛፍ» ይሉታል እዚህ የዕቃውን ዝርዝር፣
ቫልቩ ግንዱ ሆኖ፣ ብሎኑ እንደ ሥር።
በመሃል ቅርንጫፍ፣ ቁጥር ሰባ አርባ፣
«የክዳን ስብስብ» የሚል ስም ገባ።
ክዳን፣ ሞላ፣ ጎማ፣ አራት ብሎን በሥሩ፤
ብዛቱ ግን ዜሮ። ዜሮ ነው ድምሩ።

ፈለግሁት።
ከአሌፍ መደርደሪያ እስከ መጨረሻው ታቭ፣
መሰላል አቁሜ፣ አቧራ ጠርጌ፣
ካርቶን በካርቶን ላይ ገልብጬ ፈልጌ፣
«ጎደሎ ነው» ብዬ በደብተር አስፍሬ፣
ራይሳ ዘንድ ሄድሁ፣ ደንግጬ፣ አፍሬ።

ሳቀች።
«ፋንቶም!» አለችኝ።
እኔ ደግሞ ስሜን የጠራች መስሎኝ፣
«ፈንታ» ያለች መስሎኝ፣
«አቤት» አልኳት።

«ሥዕሉ ላይ አለ፤ መሐንዲስ ይስለዋል፤
መስመሩ ላይ ግን ማን ቆሞ ያየዋል?
ኑሃ ክዳን አንሥታ፣ ሞላ ከታ፣ ጎማ አልብሳ፣
ብሎኑን አጥብቃ፣
የእጇ ሙቀት ሳይለቀው
ቫልቩ ራስ ላይ ትደፋዋለች።
ታዲያ የት ይቀመጥ? መቼስ ይቀመጥ?
ኮምፒውተሩ ስሙን ሲያይ ዘሎት ያልፋል፣
ልጆቹን ለአያታቸው አስረክቦ።»

ገባኝ። ከሷ ይልቅ ገባኝ።
እኔ ሳልወለድ ወንድሜ ሞቶ ነበር፣
ስም ሳይወጣለት።
«በሱ ፈንታ» ብላ እናቴ ጠራችኝ።
ዛሬም የቀበሌዋ ልጅ ፎርም ይዛ መጥታ
«ስንት ወለዱ?» ስትላት
«ስምንት» ትላለች በአፏ፤
ጣቷ ግን ዘጠኝ ያጥፋል፣ ከነጠላዋ ሥር።

ከሱኮት በኋላ፣ ከዓረባ በረሃ፣
ፓፓያ የሚተክል አንድ ሰው ደወለና
ትዕዛዙን ሰረዘው፣ በቀትር፣ በምሳ ሰዓት።
መስመሩ ቆመ።
ኑሃ ጓንቷን አወለቀች።
ጠረጴዛዋ ላይ
አሥራ አንድ ክዳን፣ ሞላው ገብቶ፣ ብሎኑ ጠብቆ፣
የሚደፋበት ቫልቭ የሌለው።
ያ የለም የተባለው፣
አሥራ አንድ ሆኖ ተቀምጧል።

«ፍቱትና ወደየቦታው መልሱት» አለች ራይሳ።
ኑሃ ራሷን ነቀነቀች፦
«አንዴ ብሎን የነከሰው ጎማ
እንደ አዲስ አይመለስም።»
ለናዖራ አውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ቀርቷታል፤
አሁንም አልተነሣችም።

ካርቶን ቀደድሁ። በጥቁር ቀለም ጻፍሁበት፦
ሰባ አርባ።
በዳሌት መደርደሪያ፣ በሞላና በጎማ መሃል፣
ቦታ አበጀሁ፤ ወደ ግራ ሁለት ሣጥን ገፍቼ።
ራይሳ ቆማ አየችኝ፤ ዝም አለች፤
ከዚያ ቁጭ ብላ መታች፦ «በእጅ ያለ፦ አሥራ አንድ።»
«ፋንቶምም ቢሆን» አለች፣ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣
«ካለ፣ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው።»

እውነቷን ነው።
በቀጣዩ ሳምንት አርባ ቫልቭ ታዘዘ።
ኮምፒውተሩ አሥራ አንዱን ከእኔ ጠየቀ፣
ለቀሩት ሃያ ዘጠኝ ብቻ
ክዳን በክዳን፣ ሞላ በሞላ ቆጥሮ ለመነ።
በጋሪ ገፍቼ ወሰድኳቸው።
ኑሃ አንዱን አንሥታ በጣቷ ዳሰሰችው፤
«በርዷል» አለች።

መደርደሪያው ባዶ ነው። ካርቶኑን አላነሣሁም።

በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ መጣ፤
አንድ ጎረምሳ፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ሰክቶ፣
ዳሌት ጋ ሲደርስ ቆመ።
«ይሄ ምንድን ነው? ምንም የለበትም እኮ።»
«ዜሮ ብለህ ጻፍ» አልኩት።
«ዜሮ ከሆነ ለምን እጽፋለሁ?»
ወረፋው ረጅም ነው፣ ፎርክሊፍቱም ይጮሃል፤
ለማስረዳት ጊዜ የለም።
«ጻፍ» አልኩት። «ዜሮ። ግን ጻፈው።»